መምህር በየትኛው ሀ ይጻፋል?

ሰባተኛ ክፍል እያለሁ ስለ መምህራን ድርሰት ጻፉ ተባልን። አንድ ገጽ ተኩል ሞልቼ አስረከብኩ። ከ10 ያገኘሁት 6 ነበር። ደብተሬ ሲመለስልኝ «መምሕር» የሚለው ቃል ዘጠኝ ቦታ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል። የአማርኛ አስተማሪያችን ገጹን ለክፍሉ ከፍ አድርገው እያሳዩ፣ «ይኼ ልጅ ይቅር ባይ አድርጎኛል፤ እኔ ግን ዛሬ ይቅር አልልም» አሉ። ክፍሉ ሣቀ። እኔም ሳይገባኝ አብሬ ሣቅሁ።

ቀልዱ የገባኝ ከ14 ዓመት በኋላ ነው። በግእዝ «መሀረ» ማለት አስተማረ ነው። «መሐረ» ደግሞ ራራ፣ ይቅር አለ። መምህር የመጣው ከመጀመሪያው፣ ምሕረት የመጣው ከሁለተኛው። እኔ እንግዲህ ዘጠኝ ጊዜ ሰውየውን ከሥራቸው አንሥቼ ይቅር ባይ አድርጌያቸዋለሁ ማለት ነው። ስሕተቱን አሁን አውቄዋለሁ። ግን ያኔ ያ ቃል ለምን በዚያ ሀ እንደሚጻፍ ማንም አስተምሮኝ አያውቅም ነበር። ያልተማርኩትን ነው የተቀጣሁት። ቂም ካላችሁት ቂም ነው።

ኢንጂነሪንግ ተምሬ የወጣሁ የሶፍትዌር ሠራተኛ ነኝ። መጀመሪያ የተቀጠርኩበት ቦታ የተሰጠኝ ሥራ የደንበኞች ስም ፍለጋን ማስተካከል ነበር። ሰዎች መስኮቱ ላይ ቆመው ስማቸውን ይናገራሉ፣ ሲስተሙ «የለም» ይላል። ችግሩን ለማግኘት ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም። አንዷ ሠራተኛ «ፀሐይ» ብላ የመዘገበችውን ሌላዋ «ጸሀይ» ብላ ትፈልገዋለች። ለእኛ አንድ ስም ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ፀ ማለት 1340፣ ጸ ማለት 1338 ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ሁለቱ ቁጥሮች ሞክሼ መሆናቸውን ግን ለማሽኑ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል።

ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። «ፀሐይ»ን ድምፁ ሳይለወጥ በስንት መንገድ መጻፍ ይቻላል? መጀመሪያው ሆሄ ሁለት አማራጭ አለው። ሁለተኛው ስድስት፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። በአጠቃላይ 12። «ኃይለ ሥላሴ» 24 ይወጣዋል። «ዓለምፀሐይ» የሚለው ስም 48። አርባ ስምንት! ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የምትለውጥ ሃያ መስመር የማትሞላ ኮድ ጻፍኩና ነገሩ አለቀ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ስሜ የተጠራው በዚያች ኮድ ነው። ከዚያ በኋላ ከባድ የሚባል ነገር ስንት ሠርቻለሁ፣ ማንም አያስታውሰውም።

ኮዷን የወደድኳት ግን በሌላ ምክንያት ነው። የአያቴ ስም ውስጥ ፀሐይ አለ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ በተሰጣት ምስክር ወረቀት ላይ ስሟ በአንዱ ጸ፣ በቀበሌ መታወቂያዋ ላይ በሌላው ፀ ተጽፏል። አንድ መሥሪያ ቤት «ሁለቱ አንድ ሰው ስለመሆናቸው ማስረጃ አምጪ» ብሏት ሦስት ቀን ተመላልሳለች። ሰባ ዓመት አልፏት፣ በታክሲ። ስለዚህ ሞክሼ ፊደላትን የሚያጠፋ ነገር ሁሉ ለእኔ ጽድቅ ነበር።

ይኼንን እምነት ይዤ ነው አንድ ቅዳሜ ጠዋት 22 የአማርኛ መምህራን ፊት የቆምኩት።

ግን ወደዚያ ከመሄዴ በፊት እነዚህ ፊደላት ከየት እንደመጡ ልንገራችሁ፤ እኔ ራሴ ያወቅሁት ዘግይቼ ነውና።

በግእዝ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ድምፆች ነበሩ። ሀ ቀለል ያለ ትንፋሽ ነው፤ ሐ ከጉሮሮ ይወጣል፤ ኀ ደግሞ ከላንቃ ኋላ እየሻከረ። ሠና ሰ፣ ዐና አ፣ ፀና ጸም እንዲሁ። ፊደሉ ሲሠራ ትርፍ ሆሄ አልነበረውም። ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ መልክ ነበር። አማርኛ ግን ከጊዜ ብዛት ድምፆቹን አዋሐዳቸው፣ ሆሄዎቹን ግን አልጣላቸውም። ሰው ሞቶ ስሙ መዝገብ ላይ እንደሚቀር ማለት ነው። ትግርኛ ሐን እና ዐን እስከ ዛሬ በድምፅ ይለያል። ለዚህም ነው ከሥልጠናው ተካፋዮች አንዷ፣ «ክፍሌ ውስጥ ሐን አንድም ቀን የማይስት ልጅ አለ፤ ጎበዝ ስለሆነ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቤቱ ትግርኛ ነው የሚናገሩት» ያለችን። ልጁ ሕግ አልሸመደደም፤ ይሰማዋል።

አማርኛ ብቻ የሚናገር ተማሪ ግን አይሰማውም። ታዲያ በድሮ ጊዜ እንዴት ይለዩት ነበር? እዚህ ላይ የቄስ ትምህርት ቤት ሥርዓት ኮድ ለሚጽፍ ሰው የሚያስቀና ዘዴ ነበረው። የኔታ ሆሄዎቹን በስም ነበር የሚጠሩት። ሃሌታው ሀ። ሐመሩ ሐ። ብዙኃኑ ኀ። ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ። አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ። ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። እያንዳንዱ ሆሄ ስሙ የወጣለት በውስጧ በያዘችው ቃል ነው። ስሙን ያወቀ ቢያንስ የአንድ ቃል አጻጻፍ በነጻ ያገኛል፤ ከዚያ ቃል የሚወለዱትን ሁሉ ደግሞ ይጨምራል። ንጉሡ ሠን ያወቀ መንግሥትን፣ ነገሠን፣ ንግሥትን አይስትም። እኔ ይኼንን ስሰማ የመጀመሪያ ሐሳቤ «ይኼ ሰው ስም አወጣጥ ያውቃል» የሚል ነበር። በኮድ ዓለም ከሁሉ የሚከብደው ስም ማውጣት ነው ይባላል።

ነገር ግን አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። በዚያ ትምህርት ቤት ድርሰት የሚባል የቤት ሥራ አልነበረም። ልጁ ፊደል ይቆጥራል፣ ንባብ ይወጣል፣ ዳዊት ይደግማል። መጻፍ ሌላ ሙያ ነው፤ ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ቁም ጽሕፈት ለምዶ የሚገባበት። ግእዙን በቅጡ ያልተማረ ሰው ብዙ ስለማይጽፍ፣ የሚጽፈው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ግሱን ያውቃል። ስሕተቱ በተፈጥሮው ጥቂት ነበር። ተማሪ ሁሉ ይጻፍ፣ ስለ ክረምት ይጻፍ፣ ስለ ቤተሰቡ ይጻፍ የሚለው ሐሳብ የዘመናዊ ትምህርት ነው። የምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ከግብፅ በመጡ መምህራን ሲከፈት ነው መንገዱ የተጀመረው። በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን ደግሞ ግእዝ ያልቆጠረ፣ አማርኛ አፍ መፍቻው ያልሆነም ጭምር፣ የአማርኛ ድርሰት ጸሐፊ ሆነ። የፊደሉ ሕግ ግን ያው የግእዝ አዋቂው ሕግ ነበር። የተለወጠው ጸሐፊው ነው።

መምህሩስ? መምህሩ መሐል ላይ ቀረ፤ በአንድ በኩል ግሱን የሚያውቅ ሊቅ፣ በሌላ በኩል ግሱን ሰምቶ የማያውቅ ልጅ።

ሊቃውንቱ መካከል ክርክሩ ጨዋና ረጅም ነበር። ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በኢየሩሳሌም ዕድሜያቸውን የፈጁበት የግእዝ ግስና መዝገበ ቃላት ከሞቱ በኋላ፣ በ1948 ዓ.ም.፣ በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ አማካይነት ታተመ። ደስታ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ሲያወጡ ርእሱን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» አሉት። ልብ በሉ፣ በዐይኑ ዐ ነው። ቃሉ ከግእዙ «ሐዲስ» ስለመጣ በአልፋው አ ሊጻፍ አይገባውም ባይ ናቸው። ይኼ ሲሆን «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ በአልፋው አ መታተም ከጀመረ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዋና ከተማችንም በአልፋው አ ነው ስሟ የሚጻፈው። መዝገበ ቃላቱ አንድ ሀገር ብቻውን ይዟል፣ ከተማው ሌላ ሀገር ላይ ነው ያለው።

በሌላው ጎራ ቀንሱ የሚሉት ነበሩ። የጽሕፈት መኪና ለፊደላችን ለመሥራት የደከሙት እንደ ኢንጂነር አያና ብሩ ያሉ ሰዎች ከሁለት መቶ በላይ ሆሄ በጥቂት ደርዘን ቁልፍ ላይ ማስፈር ምን ማለት እንደሆነ በጣታቸው ያውቁታል። (እንደ ሙያ ወንድም አዝንላቸዋለሁ። እኔ የማማርረው የስልክ ኪቦርድ ለእሳቸው ገነት ነበር።) ሐዲስ ዓለማየሁም «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ መግቢያው ላይ የፊደላችንን ነገር አንሥተዋል። ብዙዎቻችን መግቢያውን ዘለን ወደ ሰብለ ወንጌል ስለምንሮጥ አናውቀውም። በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ተቋቋመ፤ ከአብዮቱ በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ሆነ፤ ሞክሼዎቹ እንዲቀነሱ የሚል የማሻሻያ ሐሳብም አቀረበ።

ከዚያስ? ከዚያ ምንም። ማለቴ፣ ሐሳቡ ሐሳብ ሆኖ ቀረ። ከዚህ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ይጻፉ የሚል ቀን አልመጣለትም። አንዳንዱ አሳታሚ ተቀበለው፣ አንዳንዱ አልተቀበለውም፣ አንዳንዱ በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱንም ያደርጋል። ስልክ ሲመጣ ደግሞ ክርክሩን አውራ ጣት ፈረደው። ሀ በአንድ ንክኪ ይመጣል፣ ሐ ሁለት ይፈልጋል። ለጓደኛው «ሀሙስ እንገናኝ» ብሎ የሚልክ ልጅ ሁለተኛዋን ንክኪ ለምን ያወጣል? አካዳሚ በውይይት ያልቻለውን ኪቦርድ ያለ ስብሰባ ጨረሰው።

እሺ፣ አሁን ወደ ቅዳሜዋ።

አንድ ትምህርት ቤት የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቹ ድርሰት በኮምፒውተር እንዲጽፉ ወስኖ፣ የፊደል ግድፈት የሚያሳይ ፕሮግራም ሥሩልን ብሎ እኔንና አንድ ጓደኛዬን ጠየቀን። ሠራን። ውስጡ ያው ያቺ የታወቀች ኮዴ አለች። ሞክሼን ሁሉ አንድ ስለምታደርግ «ዓለምፀሐይ»ን በ48ቱም መንገድ ትቀበላለች። ለመምህራኑ ስናሳይ፣ እኔ ደስ እያለኝ፣ «ከእንግዲህ ስለ ሀ እና ሐ መጨነቅ ቀረ!» አልኩ።

ጭብጨባ ጠብቄ ነበር መሰለኝ። ዝምታ ሆነ።

ከኋላ የተቀመጡ፣ ጡረታ የደረሱ የሚመስሉ መምህር እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ዕድሜህ ይርዘም። ሥራህ ጥሩ ነው። ግን ማን ፈቀደልህ?»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ከ60 ዓመት በላይ ሊቃውንት ሲከራከሩበት የኖሩትን ነገር እኔ ለስም ፍለጋ በጻፍኳት ሃያ መስመር ወስኜዋለሁ። ለፍለጋ ትክክል ነው፤ መስኮት ላይ የቆመችው አያቴ መገኘት አለባት። ለማስተማር ግን ያው ኮድ ሌላ ነገር ይሆናል። ፍለጋ ልዩነትን ይቅር ይላል። ማስተማር ልዩነትን ያሳያል። የሰባተኛ ክፍል አስተማሪዬ ቢሰሙኝ «እንግዲህ መምሕር ሆንክ» ይሉኝ ነበር።

ከእሳቸው ቀጥላ የተናገረችው ግን ናት የያዘችኝ። በዕድሜ ከእኔ ብዙ አትበልጥም። «እኔ የሊቃውንቱ ነገር አይደለም የሚያሳስበኝ» አለች። «ሰኞ ጠዋት 58 ድርሰት ይጠብቀኛል። ባለፈው ወር ለዚሁ ስሕተት ነጥብ የቀነስኩባቸው ልጆች አሉ። ዛሬ ስሕተት አይደለም ካልኩ፣ እነሱን ምን ልበላቸው? ነገ ደግሞ ሌላ ሰው መጥቶ ስሕተት ነው ካለስ?»

ይኼ ጥያቄ ካነበብኳቸው ክርክሮች በአንዱም ውስጥ አልነበረም። ሁሉም የሚጠይቀው ትክክለኛው የትኛው ነው ነው። ሰኞ ጠዋት ምን ይደረግ የሚለው የማንም ጥያቄ አልነበረም። ብሔራዊ ፈተናዎቻችን ምርጫ ማጥቆር ስለሆኑ፣ ልጅ የጻፈው ዓረፍተ ነገር ላይ የሚፈርደው ሰው እስከ መጨረሻው ያ የክፍሉ መምህር ብቻ ነው። መለኪያው ሲናጋ ደግሞ የሚናጋው እጁ ላይ ነው።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። ከ30 ዓመት በላይ አስተምራ ነው ጡረታ የወጣችው። ቡናዋን እየቀዳች ሰማችኝና፣ «እኛን ሥልጠና ሲጠሩን ሁልጊዜ አዲሱን ይነግሩናል» አለች። «አሮጌውን ምን እንደምናደርገው ግን ነግሮን የሚያውቅ የለም።» በ1984 ዓ.ም. አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ሲወሰን፣ ኦሮሚያ ውስጥ ታስተምር የነበረች ጓደኛዋ ቁቤውን ማታ ራሷ እየተማረች ጠዋት ታስተምር እንደነበር አወራችኝ። በግእዝ ፊደል የተማረ መምህር፣ በግእዝ ፊደል የጀመረ ልጅ፣ በላቲን የተጻፈ መጽሐፍ። «አንድ ልጅ ግማሹን በፊደል ግማሹን በቁቤ ጽፎ ሰጠኝ፤ እኔም ግማሽ ነጥብ ሰጠሁት ብላ አስቃኛለች» አለች እማዬ። «ግን ያን ዓመት ፀጉሯ ሸብቷል።»

ሌሎች ሀገሮች ይኼንን እንዴት አለፉት ብዬ ማንበብ የጀመርኩት ያን ሌሊት ነው።

ቱርክ ቸኩላለች። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1928 የዓረብኛው ፊደል በላቲን እንዲተካ ሕግ ወጣ፤ በ1929 መግቢያ ላይ ለጎልማሶች የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ መጽሐፍ ሁሉ በአዲሱ ፊደል ብቻ መታተም ጀመረ። በኮሚቴው የነበረው ጸሐፊ ፋሊህ ሪፍኪ እንደሚተርከው፣ ባለሙያዎቹ ከ5 እስከ 15 ዓመት ሲጠይቁ አታቱርክ «በሦስት ወር ይሆናል ወይ ጭራሽ አይሆንም» አለ። በዚያን ጊዜ ማንበብ የሚችለው ከ10 ሰው አንዱ ገደማ ስለነበረ የሚረሳው ሰው ጥቂት ነበር። የእኛን ዘመን አይመስልም። ሁሉም ሰው በየቀኑ ስልኩ ላይ በሚጽፍበት ሀገር ሦስት ወር የሚባል ነገር የለም።

ጀርመን ግን ሌላ ናት። ይኼንን መጀመሪያ የነገረኝ በርቀት አብሬው የምሠራ ጀርመናዊ ባልደረባዬ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ሦስተኛ ክፍል ነበር። የጀርመንኛ ተናጋሪ ሀገሮች በ1996 ቪየና ላይ የአጻጻፍ ማሻሻያ ተፈራረሙ። ከአጭር አናባቢ በኋላ ይጻፍ የነበረው ልዩ የኤስ ፊደል በሁለት ኤስ ተተካ፣ የነጠላ ሰረዝ ሕጎች ተቀነሱ፣ ተጣምረው ይጻፉ የነበሩ ቃላት ተለያዩ። በትምህርት ቤቶች ከኦገስት 1 ቀን 1998 ጀምሮ ሥራ ላይ ይዋል ተባለ። ሰላማዊ ነበር እንዳትሉኝ። ጉዳዩ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደረሰ። ሽሌስቪግ ሆልሽታይን የምትባለው ክፍለ ሀገር ሕዝብ በድምፅ «አንፈልግም» አለ፤ ምክር ቤቱ ደግሞ በዓመቱ መለሰው። አንድ ትልቅ ጋዜጣ በ2000 ወደ አሮጌው አጻጻፍ ተመለሰ። በመጨረሻም አዲስ ምክር ቤት ተቋቁሞ ሕጎቹን እንደገና አሻሽሎ በ2006 አወጣቸው። ስለ ኤስ ነው ይኼ ሁሉ! ሳነብ ስለ ሐ የምንጨቃጨቀው እኛ ብቻ አለመሆናችን ትንሽ አጽናናኝ።

ለእኔ የጠቀመኝ ግን ጭቅጭቁ ውስጥ የተደበቀች አንዲት ትንሽ መመሪያ ናት። እስከ 2005 ድረስ፣ ማለትም ሰባት ዓመት ሙሉ፣ መምህሩ ተማሪው በአሮጌው አጻጻፍ ሲጽፍ ያሰምርበታል፤ ጠርዙ ላይ «ጊዜው ያለፈበት» ብሎ ይጽፋል፤ እንደ ስሕተት ግን አይቆጥረውም። በቃ። ትክክልና ስሕተት በሚባሉት መካከል ሦስተኛ ቦታ ፈጠሩ፤ ለዚያ ቦታ ስም ሰጡት፤ የሚዘጋበትንም ቀን ጻፉ። ልጁ ያውቃል፣ ነጥቡ አይነካም፣ መምህሩም ትናንት ያለውን ዛሬ አይክድም። የሰኞ ጠዋቷ መምህርት ጥያቄ መልሱ ይኼ ነበር። ባልደረባዬን «ለመምህራኑ ቀላል ነበር?» ብዬው፣ «አይ፣ አስተማሪያችን ሁልጊዜ ሁለት መጽሐፍ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር» አለኝ። «ግን ማንንም አልፈራችም።»

በእኛ እና በእነሱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ቀላል አይደለም። እነሱ አሮጌና አዲስ አላቸው። እኛ ያለን ሁለት አሮጌ ነው። የደስታ ተክለ ወልድ መንገድ አለ፣ የቀናሾቹ መንገድ አለ፣ ሁለቱም አልተሻሩም፣ ሁለቱም አልታወጁም። እኔ ደግሞ አካዳሚ አይደለሁም። ቢሆንም የሰኞውን 58 ድርሰት በሚመለከት ትምህርት ቤቱ በራሱ አጥር ውስጥ መስማማት ይችላል። ስለዚህ ተመልሰን ሄድን፤ በዚህኛው ጊዜ ምንም አላወጅኩም፤ ጠየቅሁ።

ስብሰባው ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። ጫጫታ ነበር። የመጀመሪያው ቅዳሜ ግማሽ ያለቀው «ሰዓት» በየትኛው ሰ ነው በሚለው ነው። ቀስ በቀስ ግን አንድ ነገር ላይ ደረሱ። መቶ ሃያ የሚሆኑ፣ በየቀኑ የሚያጋጥሙ የቃል ቤተሰቦችን ራሳቸው መርጠው በግእዙ ሥር አጻጻፋቸውን ይዘረዝራሉ። ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ዝርዝሩ ውስጥ ያለ ቃል ክፍል ውስጥ ተምረውት ከሳቱት ነጥብ አለው፤ ካልተማሩት አረንጓዴ መስመር ብቻ ይሰመርበታል፣ የሆሄው ስም ጠርዙ ላይ ይጻፋል፣ ነጥብ አይቀነስም። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ቃል እንደፈለገ ይጻፍ፣ ግን በአንድ ድርሰት ውስጥ አንድ ዓይነት ይሁን። «ፀሐይ» ብሎ ጀምሮ «ጸሃይ» ብሎ መጨረስ አይቻልም። ያለፈው ወር ነጥብስ? ልጁ ደብተሩን ይዞ ከመጣ ይመለስለታል ተባለ። ይኼኛውን ያሳለፉት «ማን ፈቀደልህ» ያሉኝ አዛውንት ናቸው። «እኔ የቀነስኩትን እኔ እመልሳለሁ» ብለው ቁጭ አሉ።

የሆሄ ስሞቹንም ያመጧቸው እሳቸው ናቸው። ወጣቶቹ መምህራን ሃሌታው፣ ሐመሩ፣ ብዙኃኑ ሲባል ከልጅነታቸው ጀምሮ በጆሮ ያውቁታል፤ ስሙ ውስጥ መልሱ እንዳለ ግን ብዙዎቹ አላስተዋሉም ነበር። ሐመር ማለት መርከብ መሆኑን ሲሰሙ አንዷ፣ «ሐመሩ ሐ ስል ኖሬ ሐመር ምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም» ብላ ሣቀች። እኔም አላውቅም ነበር፤ ዝም አልኩ እንጂ።

ኮዷ ውስጥ የለወጥነው ብዙ አይደለም። ፍለጋው ላይ ያቺ ሃያ መስመር እንዳለች ናት፤ መዛግብት ውስጥ የማንም አያት እንድትጠፋ አልፈልግም። ማረሚያው ላይ ግን ድሮ «ትክክል» እና «ስሕተት» ብቻ ይመልስ የነበረው አሁን ሦስት መልስ አለው። ሦስተኛው ቀለሙ አረንጓዴ ነው። ቀይ ያልሆነበትን ምክንያት እዚህ ድረስ ያነበባችሁ ታውቃላችሁ።

የዛሬ ወር ገደማ ያቺ የ58ቱ መምህርት የአንድ ድርሰት ፎቶ ላከችልኝ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ስለ አያቷ የአትክልት ቦታ ጽፋለች። «ፀሃይ» የምትለው ቃል በአረንጓዴ ተሰምሮባታል፤ ጠርዙ ላይ በመምህርቷ እጅ «ሐመሩ ሐ» ተብሎ ተጽፏል፤ ነጥቡ 9 ነው። ከሥሩ ደግሞ ልጅቷ በእርሳስ መልሳለች፦

«ቲቸር፣ መጽሐፋችን ገጽ 41 ላይ እንደኔ ነው የጻፈው።»

መምህርቷ ገጹን ገልጣ አይታዋለች። ልጅቷ ልክ ናት። ከፎቶው ጋር የመጣው መልእክት ይኼ ብቻ ነበር፦ «አሁን በምን ቀለም ላስምርበት?»